ሲያስወጡትም ሲስቡትም የሚዘምር ቀርከሃ፦ ቶሺዮ ሆሶካዋ ከጃፓን ቤተ መንግሥት ምን ወሰደ?

ሾ የተባለው የጃፓን የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች መድረክ ላይ ስትወጣ ከመሣሪያዋ ጋር ማሞቂያዋንም ይዛ ነው። ድሮ የከሰል ማንደጃ ነበር፤ ዛሬ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሆኗል። ከመጫወቷ በፊት፣ በመሀልም ፋታ ባገኘች ቁጥር፣ እንደ ችቦ የታሰሩትን 17 የቀርከሃ ቱቦዎች ሙቀቱ ላይ ይዛ ቀስ ብላ ታዞራቸዋለች። ድምፅ ከማይሰጡት ከሁለቱ በቀር በየቱቦው እግር ስስ የነሐስ ምላስ አለ። የትንፋሽ እርጥበት ካደረበት ቅኝቱ ይወርዳል፣ ሲብስም ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል። ቫዮሊን ቢበዛ ሽቦው ይጠበቅለታል፤ ሾ ግን እንደ ጀበና እሳት አጠገቡ ይፈልጋል።

አርሞኒካ ነፍቶ የሚያውቅ ሰው የሾን መርህ ለመረዳት አይቸገርም። አየር ሲያስወጡም ሲስቡም ይጮኻል። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ትንፋሽ ሲያልቅበት ዜማውን ቆርጦ አየር መሳብ ግድ ይሆንበታል፤ ለሾ ግን መሳቡም ራሱ ሙዚቃ ነው። ተጫዋቹ አምስት ወይም ስድስት ቱቦዎችን ባንድ ላይ ያሰማል፤ ድምፁ ከምንም ተነሥቶ ቀስ እያለ ይሞላል፣ ሊለወጥ ሲል ያብጣል፣ ከዚያ ትንፋሹ አቅጣጫ ይቀይርና ሌላ ኅብረ ድምፅ ይሆናል። ጣቶቹም በአንዴ አይነሡም፤ በተወሰነ ቅደም ተከተል አንዱ ሲለቅ ሌላው እየያዘ ነው የሚሄዱት። በመሀል ስፌቱ የሚታይበት ቦታ የለም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቶሺዮ ሆሶካዋ ለመጻፍ ነው። በሂሮሺማ በ1955 የተወለደው ሆሶካዋ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ በሕይወት ካሉ የጃፓን የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲዎች በዓለም መድረክ ስማቸው ከሚጠራው ግንባር ቀደሙ ነው። በነሐሴ 2025 «ናታሻ» የተባለው ኦፔራው ቶኪዮ በሚገኘው አዲሱ ብሔራዊ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ ግጥሙን የጻፈችው በርሊን የምትኖረው ዮኮ ታዋዳ ናት። እሱ በተነሣ ቁጥር «በጥንታዊው የቤተ መንግሥት ሙዚቃ የተነሣሣ» የምትል ሐረግ አትጠፋም። ሐረጓ ሐሰት አይደለችም፤ ችግሯ ምንም አለመንገሯ ነው። ጥንታዊ ሙዚቃን ወደ ዘመናዊ ኦርኬስትራ ማምጣት ብዙ መንገድ አለው፤ አንዳንዱ መንገድ ደግሞ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ በር ላይ ያበቃል።

የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ ጋጋኩ ይባላል። ቃሉ «የጨዋ ሙዚቃ» ወይም «የተከበረ ሙዚቃ» እንደማለት ነው። ብዙ ሰው የጃፓን ነፍስ አድርጎ ቢያየውም አብዛኛው የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ከ5ኛው እስከ 9ኛው ክፍለ ዘመን ከኮሪያ መንግሥታትና ከታንግ ዘመን ቻይና ገባ፤ ዛሬ ቬትናም ከምንለው ምድር የመጣም አለበት። በ701 የወጣው የታይሆ ሕግ ለሙዚቃው የራሱን መሥሪያ ቤት አቋቋመለት። በ752 በናራ ከተማ የቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ታላቁ የቡድሃ ሐውልት ዓይን ሲሣል በተደረገው በዓል ላይ የእነዚህ ሁሉ አገሮች ሙዚቃና ውዝዋዜ ቀረበ። እስከ ዛሬም ትርዒቱ በሁለት ይከፈላል፤ ከቻይና በኩል የመጣው የግራ፣ ልብሱ ቀይ፤ ከኮሪያ በኩል የመጣው የቀኝ፣ ልብሱ አረንጓዴ። የትውልድ አገሩ ቻይና እንኳ በዚያ መልኩ አላቆየውም። እንግዳው በተቀባዩ ቤት አርጅቶ ባለቤት ሆኗል።

መሪ የሚባል ሰው የለውም። ፍጥነቱን የሚይዘው ካኮ የተባለው ትንሽ ከበሮ ነው። ዋናውን ዜማ ሂቺሪኪ የተባለው ባለ መቃ ምላስ የትንፋሽ መሣሪያ ያዜማል፤ ርዝመቱ ከስንዝር ባይበልጥም ድምፁ ከጠቅላላው ቡድን በላይ ይሰማል፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሄደው እየተንሸራተተ ነው። ርዩቴኪ የሚባለው ዋሽንት አብሮት ይሄዳል። በልማድ ሂቺሪኪ የምድር ሰዎች ድምፅ፣ ርዩቴኪ በሰማይና በምድር መካከል የሚበር ዘንዶ፣ ሾ ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ ብርሃን ነው ይባላል። ዜማው በጣም ዘግይቶ ይጀምራል፣ ይከፈታል፣ ወደ መጨረሻው ይፈጥናል። ማኅሌት ያደረ ሰው ይህን አካሄድ ለመረዳት መምህር አያሻውም፤ ቁሙ፣ ዝማሜው፣ መረግዱ አልፎ ጽፋቱ ሲመጣ ከበሮው ምን እንደሚሆን ያውቃል። ልዩነቱ ጋጋኩ የመጨረሻውን ደስታ ይነፍግሃል። ሲያበቃ መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ይወጡና ቢዋና ኮቶ የተባሉት የክር መሣሪያዎች ጥቂት ክር ነክተው ዝም ይላሉ።

ሙዚቃው እኛ እንደምናስበው ሳይነካ የቆየ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ከ1467 እስከ 1477 የዘለቀው የኦኒን ጦርነት ኪዮቶን ሲያቃጥል የቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኞች ተበተኑ። በየቤተ መቅደሱና በየቤተሰቡ የተረፈው እውቀት ቶኪዮ ላይ ባንድ ቢሮ የተሰበሰበው በ1870 ነው። የካምብሪጁ ሊቅ ሎረንስ ፒከንና ተማሪዎቹ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥርጣሬ አነሡ። የጥንቱን ጽሕፈት መርምረው፣ የታንግ ዜማዎች መጀመሪያ ፈጣንና ለእስክስታ የሚመቹ ነበሩ፣ ጃፓን ውስጥ በዘመናት ብዛት እየዘገዩ ሄደው ዋናው ዜማ በሾና በቢዋ ድርሻ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ አሉ። ሁሉም ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ክርክሩ ውስጥ አልገባም። እውነት ከሆነ ግን ዛሬ አድማጭን የሚያስደምመው ያ እርጋታ የጥንት ጠቢባን ያቀዱት አልነበረም ማለት ነው፤ የሺህ ዓመት መዘግየት የፈጠረው ነው።

የቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኞች ከ1870ዎቹ ጀምሮ የምዕራቡንም ሙዚቃ እንዲማሩ ተደረጉ። ያው ሂቺሪኪ ነፊ ለውጭ አገር እንግዳ ግብዣ ቫዮሊን ወይም ክላሪኔት ይይዛል፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። የጃፓን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ በ1880 ከዚሁ ቢሮ የወጣ ሲሆን ኅብረ ድምፁን ያበጀለት ፍራንዝ ኤከርት የተባለ ጀርመናዊ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ሙዚቃዎች የተገናኙት በዘመናዊ ደራሲ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን አንድ ሰው ጉልበት ላይ ነው። የሚገርመው፣ ጎን ለጎን ኖረው ለረጅም ጊዜ አለመነጋገራቸው ነው።

ንግግሩ ሲጀመር መጀመሪያ የተዘረፈው ዜማው ነበር። ሂዴማሮ ኮኖዬ በ1931 «ኢቴንራኩ» የተባለውን ከሁሉ የታወቀ የጋጋኩ ዜማ ለምዕራብ ኦርኬስትራ አዘጋጀው። ሥራው ትልቅ ጥንቃቄ የተሞላበት ቢሆንም ከፎቶግራፍ የዘለለ አይደለም። ዮሪትሱኔ ማትሱዳይራ በ1951 ያንኑ ዜማ ወስዶ ለፒያኖና ለኦርኬስትራ ተለዋዋጭ ቅርጾች ጻፈበትና ከአውሮፓ አዲስ ስልት ጋር አጋጨው። ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ሜሲዬንም በ1962 ከጃፓን ጉዞው ሲመለስ ቫዮሊኖችን እንደ ሾ አስጮኻቸው።

ቶሩ ታኬሚትሱ የሄደበት ሌላ ነው። በ1930 የተወለደው ታኬሚትሱ ልጅነቱ በጦርነት ያለፈ ነውና የጃፓን ባህል ሙዚቃ ሲሰማ የሚመጣበት የወታደር ትእዛዝ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ሸሸው። በጦርነቱ መጨረሻ ወታደራዊ ሥራ ላይ ሳለ አንድ መኮንን ተደብቆ ያሰማው የፈረንሳይ ዘፈን ነው ወደ ሙዚቃ የጠራው። ወደ ገዛ አገሩ ድምፅ በተመለሰ ጊዜ ግን ጥግ ላይ አልቆመም። የቶኪዮው ብሔራዊ ቴአትር አዲስ ሥራ ሲያዝዘው በ1973 «በመኸር የአትክልት ስፍራ» የተባለውን ለጋጋኩ ቡድን ብቻ ጻፈ፤ በ1979 ወደ ስድስት ክፍል አሰፋው። ቫዮሊን የለበትም። ሙዚቀኞቹን ከፋፍሎ ከኋላ ያስቀመጣቸው ለፊተኞቹ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሳሉ። የሺህ ዓመት መሣሪያ ያን ቀን አዲስ ነገር ተናገረ።

ሆሶካዋ ይህ ሁሉ ተሠርቶ ከኖረ በኋላ የመጣ ነው። እናቱ ኮቶ ትጫወት ነበር፤ እሱ ግን በልጅነቱ የጃፓን ሙዚቃ ይሰለቸው እንደነበርና ልቡ ሞዛርትና ቤትሆቨን ጋር እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የጃፓን መንግሥት የቤተ መንግሥቱን ሙዚቀኞች ጋጋኩ በአገር ደረጃ የሚጠበቅ ቅርስ ነው ብሎ የመዘገበው ሆሶካዋ በተወለደበት በ1955 መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ከልጁ ጆሮ ግን ያ ሙዚቃ እጅግ ሩቅ ነበር። በ1976 በርሊን ሄደ። መምህሩ ኢሳንግ ዩን ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሆሶካዋን ከነማን ጋር እንደምናስቀምጠው የሚወስነው ይህ ነው። ዩን ኮሪያዊ ነው። በ1967 የደቡብ ኮሪያ የስለላ ሰዎች ከምዕራብ በርሊን አፍነው ወደ ሴኡል ወሰዱት፤ ታሰረ፣ ተሠቃየ፣ የዓለም ሙዚቀኞች ጮኸውለት በ1969 ተፈታ። ከመታፈኑ በፊት በ1966 በጻፈው «ሬአክ» የተባለ የኦርኬስትራ ሥራ የኮሪያን የቤተ መንግሥት ሙዚቃ ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ኦርኬስትራው ውስጥ የሚሰማው ኅብረ ድምፅ የሾ የኮሪያ ዘመድ ከሆነው መሣሪያ የተወሰደ ነው። የዩን መሠረታዊ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ለአውሮፓ አንድ ድምፅ ነጥብ ነው፣ ትርጉም የሚያገኘው ከሌላ ነጥብ ሲገናኝ ነው፤ ለምሥራቅ እስያ ግን አንዱ ድምፅ ብቻውን ሕይወት አለው፣ ይወለዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞታል። ስለዚህ ሆሶካዋ ጋጋኩን ያገኘው ጃፓን ውስጥ፣ በአያት ቅድመ አያት ውርስ አልነበረም። ጀርመን አገር፣ ከኮሪያዊ ስደተኛ ደጅ ነው። ኋላም በፍራይቡርግ ያስተማረው ስዊዘርላንዳዊው ክላውስ ሁበር ወደ አገርህ ተመለስና የራስህን ሙዚቃ አጥና ብሎ መከረው። ይህን ካወቁ በኋላ «የጃፓን ነፍስ» የሚለውን ማስታወቂያ ማመን ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ የጻፈውን ስናይ ሾ ደጋግሞ ይመጣል። በ1986 ለሾና ለበገና ዓይነቱ ሃርፕ «ኡትሱሮሂ»፤ በ1993 ለሾና ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች አንድ ሥራ፤ በ2008 ለሾና ለኦርኬስትራ «ደመናና ብርሃን»። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከአንዲት ተጫዋች ስም ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ ማዩሚ ሚያታ። በ1998 የናጋኖ የክረምት ኦሊምፒክ ሲከፈት ብሔራዊ መዝሙሩን በሾ ያሰማችው እሷ ናት። ሾን ከቤተ መንግሥት አጃቢነት አውጥታ ብቻውን የሚቆም መሣሪያ ያደረገችው ሚያታ ባትኖር የሆሶካዋ ወረቀት ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር ብል አላጋነንኩም። ስለ ደራሲ ሲወራ ተጫዋቹ ይረሳል፤ የእኛም ሰዎች ግጥሙን ማን ጻፈው ብለው ይጠይቁና ክራሩን ማን መታው አይሉም።

ዋናው ነገር ግን እሷ የሌለችባቸው ሥራዎች ውስጥ ነው ያለው። በ2011 በበርሊን ፊልሃርሞኒክ የተሰማውን የሆርን ኮንቼርቶ፣ ማለትም ሆርን የተባለው የምዕራብ መለከት ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን ሥራ፣ ብንወስድ አንድም የጃፓን መሣሪያ የለበትም። ሆርኑ ልትፈነዳ የምታምጥ የሎተስ አበባ ናት፤ ኦርኬስትራው ኩሬው ነው። የክር መሣሪያዎቹ አንድ ድምፅ ይዘው ከምንም ይነሣሉ፤ ሌላ ድምፅ ይጨመራል፣ ይሞላል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ወደ ምንም ይመለሳል። ያወቀ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ወዲያው ይለየዋል፤ ሾ ነው። ሰማንያ ሰው ሆኖ እንደ አንድ ቀርከሃ አየር ያስወጣል፣ ይስባል። ጋጋኩ የት አለ ብሎ ዜማ የሚፈልግ አድማጭ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ዜማውን አልወሰደምና። የወሰደው አተነፋፈሱን ነው።

ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። የሞዛርት ኅብረ ድምፅ መንገደኛ ነው፤ አንዱ ውጥረት ይፈጥራል፣ ቀጣዩ ይፈታዋል፣ አድማጩም ቤት እንደሚደርስ ያውቃል። የሾ ኅብረ ድምፅ የትም አይሄድም። እንደ ደመና ቅርጹን ይለውጣል እንጂ መድረሻ የለውም። ሆሶካዋ ይህን ወደ ኦርኬስትራ ሲያመጣ የአድማጩን የጊዜ ስሜት ነው የነካው፤ ጊዜ መስመር መሆኑ ይቀርና ክብ ይሆናል። እሱ ራሱ ሌላ ምሳሌ ይወዳል፤ የብሩሽ ጽሕፈት። ጸሐፊው ብሩሹን ወረቀት ላይ ከማሳረፉ በፊት እጁ አየር ላይ ጀምሯል፤ ካነሣም በኋላ እንቅስቃሴው ይቀጥላል። ቀለም ሆኖ የቀረው የእንቅስቃሴው ገሚስ ብቻ ነው። ስለዚህ የእሱ ሥራ ውስጥ ዝምታ ሲመጣ ሙዚቀኞቹ አላረፉም።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙ ሥራዎቹን በተከታታይ ያዳመጠ ሰው አንዱን ከአንዱ ለመለየት መቸገሩ አይቀርም። ከምንም መነሣት፣ ማበጥ፣ መፈንዳት፣ ወደ ምንም መመለስ፤ ባሕር ቢሆን አበባ፣ አበባ ቢሆን ደመና። የአውሮፓ ፌስቲቫሎች ይህን ይወዳሉ፤ ይህ ፍቅር ደራሲውን በአንድ በር ብቻ እንዲገባና እንዲወጣ የሚያደርግ ይመስለኛል። የሚያመልጠው ታሪክ ሲገባበት ነው። ሂሮሺማ ተወልዶ ስለ ሂሮሺማ ሲጽፍ፣ ወይም ከመጋቢት 2011ዱ ሱናሚና ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ በ2016 ሃምቡርግ ላይ በታየው «ጸጥ ያለው ባሕር» ኦፔራው፣ ያ ክብ ትንፋሽ ቁስል ይገጥመዋል። ተፈጥሮ እናት ብቻ አለመሆኗን ያወቀበት ሙዚቃ ከውብ ኩሬዎቹ ይልቅ እኔን ይይዘኛል።

በነገራችን ላይ፣ የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደም «ኮቱሬዥያ» የተባለ ሥራ ለዋሽንት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓኑ ኮቶ ጽፈዋል። ምሥራቅ ከምዕራብ ሲገናኝ የሚለው ወሬ ውስጥ ሦስተኛ ወገን እንዳለ የሚያስታውስ ሥራ ነው፤ ከስሙ በቀር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። ጋጋኩ በ2009 በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። «የማይዳሰስ» የሚለው ቃል ግን ያታልላል። ሙዚቃው ሦስት በጣም የሚዳሰሱ ነገሮች ላይ ቆሟል፤ ሦስቱም እየተናጉ ነው።

አንደኛው ቤቱ ነው። ታኬሚትሱን ያዘዘው፣ ለጋጋኩ አዲስ ሥራ የማስጻፍን ልማድ ከ1970 ጀምሮ ያቋቋመው ብሔራዊ ቴአትር በ1966 የተከፈተ ሕንፃ ነበር። ፈርሶ እንዲሠራ ተወስኖ በጥቅምት 2023 በሩ ተዘጋ። ለግንባታው የወጣው ጨረታ ግን ሁለት ጊዜ ከሸፈ፤ የግንባታ ዋጋ ንሮ ተጫራች ጠፋ። በ2029 ይከፈታል የተባለው አሁን ወደ 2033 ተገፍቷል። ትርዒቶቹ በሌሎች አዳራሾች ተበትነው ይቀርባሉ። ካቡኪ ለተባለው ባህላዊ ድራማ ሌላ ቴአትር አለ፤ ለዘመናዊ ጋጋኩ ግን አዛዡም መድረኩም ያ ቤት ነበር። አሥር ዓመት ያህል ያለ ቤት የቆየ ተቋም በሩ ሲከፈት አዲስ ሥራ ለማን እንደሚያዝዝ እንጃ።

ሁለተኛው ቀርከሃው ነው። ጥሩ ሾ ከጫካ በተቆረጠ ቀርከሃ አይሠራም። በሣር ክዳን ቤት ጣራ ሥር፣ ከምድጃው በላይ፣ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ጭስ የጠጣ፣ ጠቁሮ የደረቀ ቀርከሃ ነው የሚፈለገው። የጎጆ ጣራ ማገር ያየ ሰው ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። የጃፓን ገጠር በቆርቆሮና በጡብ ከተለወጠ ቆየ፤ ምድጃውም ጋዝ ሆኗል። ጭስ የጠጣው ቀርከሃ ያለቀ ዕለት መተኪያውን ለማግኘት ሌላ መቶ ዓመት መጠበቅ ነው።

ሦስተኛው መቃው ነው፤ አሳሳቢውም እሱ ነው። የሂቺሪኪ ምላስ የሚሠራው ከመቃ ነው፤ ተጫዋቹ ከመንፋቱ በፊት ሙቅ አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ነክሮ ያለሰልሰዋል። ምርጡ መቃ የሚበቅለው በኦሳካና በኪዮቶ መካከል፣ ታካትሱኪ ከተማ ላይ ባለችው ኡዶኖ፣ በዮዶ ወንዝ ዳር ነው። ውፍረቱና ጥንካሬው ለዚያ መሣሪያ የተለካ ይመስላል። ሜዳውን ሕያው የሚያደርገው እሳት ነው፤ በየዓመቱ በየካቲት ይቃጠላል፣ አረምና ሐረግ ይጠፋል፣ መቃው ከሥሩ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በላዩ የፈጣን መንገድ ድልድይ እንዲያልፍ በተወሰነ ጊዜ ሙዚቀኞች ጮኹ፤ የመንገዱ ሥራ ግን አልቆመም። ከዚያ ኮሮናና መጥፎ አየር ተደርበው ቃጠሎው ለሁለት ተከታታይ ዓመት ቀረ። ሐረግ ሜዳውን ወረሰው። መቃው ታንቆ ወደቀ፤ ለሂቺሪኪ የሚሆነው ከሞላ ጎደል ጠፋ። በጎ ፈቃደኞች ሐረጉን በእጅ እየነቀሉ፣ ቃጠሎውም ተመልሶ፣ ሜዳው ቀስ እያለ ለማገገም እየሞከረ ነው።

የሆሶካዋ መንገድ ከዚህ ጋር ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። ትንፋሹን ወደ ቫዮሊን ያሻገረው የሆርን ኮንቼርቶ የኡዶኖ መቃ ቢጠፋም በርሊንም ቦስተንም ይሰማል። ለጋጋኩ ቡድን የተጻፉት፣ የታኬሚትሱ የመኸር አትክልትም የሆሶካዋ በ2003 የተሰማው የንጋት አትክልትም፣ ያለዚያ መቃ አይነፉም። የቅኝት ልዩነት እንኳ አለ፤ መሣሪያዎች የሚቃኙበት «ላ» የተባለው ድምፅ በጋጋኩ 430 ኸርዝ ነው፣ የዛሬ ኦርኬስትራ ደግሞ 440 እና ከዚያ በላይ። ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወት ሾ ምላሶቹ ላይ ያለችው የሰም ጠብታ ተነክታ ለብቻው መቃኘት አለበት። ያ ሾ ቤተ መንግሥት ቢመለስ ከጓደኞቹ ጋር አይስማማም።

ስለዚህ ብዙ የሾ ተጫዋቾች ሁለት ሾ አላቸው። አንዱ ለጥንቱ፣ አንዱ ለአዲሱ። ማሞቂያው ግን ያው አንድ ነው።